የታደሰ ድርሻ

ለስድስት ዓመት የወንድሜን ድርሻ ጨምሬ ስበላ ኖሬያለሁ። ቀምቼው አይደለም፤ በገዛ እጁ ነው ቤቴ ድረስ ያመጣልኝ፣ ያውም ፈገግ እያለ። እኔም ፍቅር መስሎኝ መርቄዋለሁ። ነገሩ ምን እንደነበር የገባኝ ባለፈው ዓመት፣ ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ላጫውታችሁ የተነሳሁት እነዚያን ቀናት ነው። ቁጣዬ ገና ስላልበረደ አንዳንድ ቦታ ድምፄ ከፍ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰበታ ውስጥ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥቼ፣ ሲጋራዬን ለኩሼ ሱቅ እከፍታለሁ። ምሳ መብላት የሥራ ፈት ነገር ነው እል ነበር። ማምሻውን ከጓደኞቼ ጋር ጥብስ በአዋዜ፣ በላዩ ላይ አረቄ። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ ሰላማዊት እራት አቅርባ ትጠብቀኛለች፤ እሷን ላለማስቀየም ያንንም ጥርግ አድርጌ እተኛለሁ። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ይነፋኛል፣ ያስገሳኛል። "ጨጓራዬ ነው" እላለሁ። በሰፈራችን ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለሌለ ማንም ከቁም ነገር አይጥፈውም። ከመድኃኒት ቤት ነጩን ሽሮፕ ገዝቼ ከአምፖሎቹ ጎን አስቀምጣለሁ፤ ሲብስብኝ ከነጠርሙሱ ጎንጨት አደርጋለሁ።

አንድ ጊዜ እንኳ ተመርምሬ ነበር። ጨጓራህ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተባልኩና የዐሥራ አራት ቀን መድኃኒት ታዘዘልኝ። በአምስተኛው ቀን ፋሲካ ገባ። ከመድኃኒቱ ጋር መጠጥ አይሆንም ብለውኝ ስለነበር መድኃኒቱን ተውኩት።

አሁን ስለ ቤተሰቤ። ሦስት ልጆች ነን። ታላቄ ታደሰ ቡራዩ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ታናሽ እህታችን ትዕግሥት ሱሉልታ፣ ከእናታችን ቤት ሁለት በር አለፍ ብላ አግብታ ትኖራለች። አባታችን ከሰሜን ሸዋ መጥቶ ሱሉልታ ላይ እህል ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት ታመመ፣ ከሳ፣ ሞተ። ሆስፒታል ያመላለሰው ታደሰ ነበር፤ ሐኪም የሚያነጋግረውም እሱ ብቻ። ከሐኪሙ ክፍል በወጣ ቁጥር የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለ "ጨጓራ ነው አሉ፤ ቆስሏል" ይለናል። ታላቅ ነው፣ የተማረ ነው፣ አመንነው። ለቀስተኛውም ጨጓራ ነው የገደለው ተብሎ ተነገረው።

እናታችን የቋንጣ ሰው ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከገናና ከፋሲካ በኋላ፣ ሥጋውን ዘልዝላ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽታ፣ ከማድ ቤቷ ጣሪያ ሥር በገመድ ትሰቅለዋለች። ከሥሩ የባሕር ዛፍ እንጨት ሲነድ ይከርምና ጭሱን እስኪጠግብ ይደርቃል። ከዚያ ክዳን ባላቸው ሦስት ባልዲዎች ትከፍለዋለች። ትዕግሥት በነጭ ፕላስተር ላይ የየአንዳንዳችንን ስም ጽፋ ትለጥፍበታለች። ታደሰ መኪና ስላለው የእኔን ሰበታ ድረስ ያመጣልኛል። አባባ በሞተ በዓመቱ ግን ሁለቱንም ባልዲ ይዞ መጣ።

"የእኔንም አንተ ውሰደው፤ እኛ ቤት የሚበላው የለም። አንተ ትወደዋለህ" አለኝ።

በዚያው ሰሞን አረቄውንም ሲጋራውንም እርግፍ አድርጎ ተወ። ምን ሆንክ ስንለው ስለት አለብኝ አለ። እኔ ጻድቁ እያልኩ አሾፍኩበት። የእሱን ቋንጣ እያላመጥኩ ለጎረቤቶቼ "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" እል ነበር።

ከሱቄ ቀጥሎ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት "አከም ቡልቴ" ብለውኝ እንደ ልማዳቸው ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ፤ ወገቤን አዩ።

"ይሄ ቀበቶ ሲገዛ ስንት ቀዳዳ ነበረው?" አሉኝ።

አምስት ነበረው። ሁለቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ መሰርሰሪያ። ቀበቶው ለቆ ነው ብዬ ላስቃቸው ሞከርኩ።

"ቀበቶው አይደለም ጌታቸው፣ አንተ ነህ ያለቅከው። ነገ ሱቁን እኔ አይልሃለሁ። ሆስፒታል ዴሚ" አሉኝ። ሂድ ማለታቸው ነው። እሳቸው ኦሮምኛ የሚቀላቅሉት ሲቆጡ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ረቡዕ አዲስ አበባ ሄድኩ። የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ የምትጠይቅ። ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ጨው? ይወደዳል። የደረቀ ሥጋ? የሁለት ሰው ድርሻ። አትክልት?

"በጾም" አልኳት።

"ይጾማሉ?"

"አልጾምም።"

ሳቀችና ጻፈች። ቀጥላ በቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር የነበረበት ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት፤ አባቴ ብቻ በጨጓራ ነው የሞተው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"በየትኛው ጨጓራ? ሁሉም ሰው ጨጓራዬ ይላል፤ ሞት ድረስ የሚያደርሰው ግን ዝም ብሎ ማቃጠል አይደለም። የምርመራ ወረቀት አለው?"

አላውቅም አልኳት። እንደማላውቅ የታወቀኝም ያን ጊዜ ነው።

ጉሮሮዬን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነፍተውብኝ፣ በግራ ጎኔ አስተኝተው ቱቦውን አስገቡት። ኢንዶስኮፒ ነው የሚሉት። እንባዬ ያለ ፈቃዴ ወረደ። ሐኪሟ እስከዚያ ድረስ ታጫውተኝ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ወሬዋን አቆመች። ስትጨርስ ቁስል እንዳየች፣ መልኩን እንዳልወደደችው፣ ናሙና እንደወሰደች ነገረችኝ። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይደርሳል አለች። እስከዚያው የአባትዎን ወረቀት ፈልገው ያምጡልኝ፣ እንዳይረሱ አለችኝ።

ከግቢው ሳልወጣ ታደሰ ጋ ደወልኩ። ስለ ወረቀቱ ጠየቅኩት።

"የምን ወረቀት? ስንገባ ስንወጣ ጠፍቷል" አለኝ። "ደግሞ አትጨነቅ ጌቾ። ጨጓራ ነው።"

እሑድ ሱሉልታ ሄድኩ። ትዕግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። እማዬ ብቻዋን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሆዴን ተመርምሬ ውጤት እየጠበቅኩ ነው ስላት እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከዚያ እኔን ለማጽናናት ብላ፣ የዋህ ናት፣ ሁሉንም አፈሰሰችው።

"አይዞህ የኔ ልጅ፣ አንተን ምንም አይልህም። ታደሰም ያኔ ተመርምሮ ያንን መድኃኒት ዋጠና ደህና ሆነ አይደል?"

"ያኔ መቼ ነው እማዬ?"

ቃሏን ልትሰበስብ ሞከረች። ሆዱን አሞት ነበር፣ ድሮ ነው፣ ረስቼዋለሁ አለች። እኔ አልጋዋ ሥር ያለውን የአባባን ሳጥን ስስብ ተነሥታ እጄን ያዘችኝ። እናቴ እጄን ይዛ ስትከለክለኝ ከልጅነቴ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከነእጇ ከፈትኩት። ወረቀቱ አልጠፋም፤ ከአባባ መታወቂያ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንግሊዝኛዬ ከቧንቧ ካርቶን አያልፍም፤ ቢሆንም ካንሰር የሚለውን ቃል ለማንበብ አልተቸገርኩም።

ቀሪውን እማዬ እያለቀሰች ነገረችኝ። አባባ በሞተበት ዓመት ትዕግሥት ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ዘራቸው ውስጥ ክፉ በሽታ አለ ከተባለ ጋብቻው ይፈርሳል ብላ እማዬ ፈራች። ሐኪሙ ልጆቹ ሁሉ ይታዩ ብሎ ለታደሰ ነግሮት ነበር። እሷ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል በጡቷ አስማለችው። ማለ። ከዚያ እሱ ብቻውን ሄዶ ተመረመረ።

ከሱሉልታ ቡራዩ ሦስት ታክሲ ነው። መንገዱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ስገባ ታደሰ ከልጆቹ ጋር ምሳ ላይ እንደነበር ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ የተቆራረጠ ፓፓያ አለ። እዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር "የሆስፒታል ምግብ" እያልኩ የማሾፍበት ገበታ ነው። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ፓፓያው አጠገብ አስቀመጥኩለት። አየው፣ አጠፈው፣ ልጆቹ ፊት አይሆንም ብሎ ይዞኝ ወጣ።

ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር በእግር ሄድን። ሊያስተባብል አልሞከረም። ሐኪሙ ምን እንዳለው አንድ በአንድ ነገረኝ። ባክቴሪያውን እስከ መጨረሻው ታከም፣ ሲጋራና መጠጥ ተው፣ ጨው የበዛበትንና በጭስ የደረቀ ሥጋ ቀንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አብዛ፣ ምግብህን አንድ ጊዜ አታጭቅ፣ ወንድምና እህትህንም አምጣ።

"ስለቱ ይሄ ነበር?" አልኩት።

"እማዬ አስማለችኝ ጌቾ።"

"ትዕግሥት ተዳረች። ልጆችም ወለደች። ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ዓመት አልፎት ምን ብዬ ልጀምረው?"

ይህን እንኳ ልረዳው እችል ነበር። ሰው ያፍራል፣ ያስተላልፋል፣ እኔም ስንቱን ነገር አስተላልፌያለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

"ቋንጣውስ?"

ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ መለሰልኝ።

"መጣሉ ነውር ሆነብኝ። የእማዬ እጅ ነው፣ እንዴት ይጣላል? ለእሷ አልበላም ብላት ለምን ልትለኝ ነው። አንተ ደግሞ ትወደው ነበር።"

አያችሁልኝ? ለራሱና ለልጆቹ የፈራውን ምግብ መድፋት ነውር ሆነበት፤ ለእኔ ማምጣት ግን ነውር አልሆነበትም። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። እናቱን እንዳያስቀይም፣ ምግብ እንዳይጥል፣ መሐላ እንዳያፈርስ እየተጠነቀቀ ወንድሙን ረሳ። ልመታው እጄን አንሥቼ አቅም አነሰኝና መንገድ ዳር ቁጭ አልኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ዓርብ ከአንተ ጋር እሄዳለሁ አለኝ፤ ከእንግዲህ አንዲት ቃል ብደብቅህ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ ብሎ ማለ። በደለኛነቱ ፊቱ ላይ ስለነበር አመንኩት።

ዓርብ አብረን ሄድን። ያቺ ወጣት ሐኪም ፈቃድ ላይ ነበረች፤ የተካት ዕድሜው ጠና ያለ ሐኪም ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ የተጣራችው እኔን አልነበረም።

"የጌታቸው አስታማሚ" አለች።

እንደ ሀገሩ ደንብ ነው፤ ከባድ ነገር ሲኖር መጀመሪያ የሚጠራው ዘመድ ነው። እኔ ልነሣ ስል ታደሰ ትከሻዬን ጫን አደረገኝ። "አንተ ቁጭ በል፣ እኔ ልስማ" አለኝ። ለምን እንደተውኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ልፈትነው ፈልጌ ይሆናል፤ ምናልባትም ለመግባት ፈርቼ።

ቆየ። በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉ እናት ልጃቸውን ብርቱካን እየላጡ ያበሉታል፤ ልጣጩን ስቆጥር እንደነበር አስታውሳለሁ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ታደሰ ወጣ። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

"ጨጓራ ነው አሉ" አለኝ። "ቆስሏል። ትንሽ ኦፕሬሽን ነገር ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ደህና ትሆናለህ።"

ዐይኑ ጫማዬ ላይ ነበር። ስለ አባባ የተናገራት ያቺው ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ከአምስት ቀን በፊት በአባቱ አጥንት የማለ ሰው ነው።

"ቆስሏል አሉ?" አልኩት፤ አንድ ዕድል ልሰጠው።

"አዎ። ቆስሏል።"

ተነሣሁ። እጄን ያዘኝ፤ እማዬ ሳጥኑ ላይ እንደያዘችኝ አድርጎ ያዘኝ። አላቀቅኩትና በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ሁሉንም ልስማ አልኩት። ወንበር አሳየኝ።

"ወንድምዎ እንዳይነግሩት ብሎ ለምኖኝ ነበር" አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ካንሰር ነው። ቀድሞ ነው የተገኘው፤ እስካሁን በታየው ከጨጓራ አልወጣም፤ ቶሎ ከተቆረጠ ተስፋ አለው። ምን እንዳመጣብኝ ጠየቅኩት። ቋንጣው ነው? አረቄው? ሲጋራው? ያቋረጥኩት መድኃኒት?

"ይሄኛው ነው ብሎ ለይቶ የሚነግርዎ ሐኪም የለም" አለኝ። "ባክቴሪያው ጨጓራውን ለዓመታት ሲያቆስለው፣ ጨውና ጭሱ፣ ሲጋራና መጠጡ ያግዙታል። በዘር ካለ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ የሚበላ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ አባቱ በዚህ የሞተ ሰው ግን አስቀድሞ መታየት ነበረበት።"

ስወጣ ታደሰ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፤ ሁሉንም እንደሰማሁ ፊቴን አይቶ አወቀ። እንዳትሰበር ብዬ ነው፣ ካወቅከው ፍርሃቱ ይገድልሃል ብዬ ነው አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። ለባለቤቴ እንኳ ገና አልደወልኩም። ትዕግሥት ጋ ደወልኩ፤ እሱ እየሰማ።

"ትዕግሥት፣ አባባ በጨጓራ አይደለም የሞተው" አልኳት። "ካንሰር ነው። እኔም ይዞኛል። ሰኞ ሄደሽ ትመረመሪያለሽ።"

ታደሰ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አላባበልኩትም። "ታደሰ፣ ቤት አድርሰኝ" አልኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ ነበር የምለው፤ ከዚያ ወዲህ ብዬው አላውቅም።

ከጨጓራዬ የሚበዛው ተቆርጦ ወጥቷል። ዛሬ በቀን ስድስት ጊዜ እንደ ሕፃን ትንሽ ትንሽ እበላለሁ። ኦቦ ገመቹ ሱቄን ሁለት ወር ሙሉ አዩልኝ። ትዕግሥት ባክቴሪያው ተገኘባት፤ ዐሥራ አራቱን ቀን አንድም ሳታጎድል ዋጠች፣ ጨጓራዋም በኢንዶስኮፒ ታይቶ ሌላ ነገር አልተገኘባትም። ጋብቻዋ አልፈረሰም፤ ባሏ ነው ይዟት የሄደው። እማዬ የቤቱን ምሥጢር አወጣህ ብላ ለረጅም ጊዜ አኩርፋኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሰበታ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እግሬን ስታሽልኝ ዋለች።

አንባቢዎቼ፣ ሐቁን ልንገራችሁ። ቢነገረኝ ኖሮ አረቄውን እተው ነበር ወይ? አላውቅም። እልኸኛ ነኝ፤ ስቄ አልፌው ይሆናል። ግን በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱን ስተው ምን እንደምተው አውቄ እተወው ነበር። ሞኝነቱም የራሴ ይሆን ነበር። አሁን ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የታደሰ፤ የትኛው ግማሽ እንዳሳመመኝ የሚያውቅ የለም። ከበሽታው ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ አባታችሁ፣ አያታችሁ፣ አክስታችሁ በምን እንደሞቱ ጠይቁ። በጨጓራ ነው ካሏችሁ ወረቀቱን አምጡ በሉ። ጠፍቷል ካሏችሁ አልጋው ሥር ያለውን ሳጥን ክፈቱ። የሚይዛችሁ እጅ የምትወዱት ሰው እጅ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ክፈቱት።

ታደሰ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ፓፓያ ይዞ ይመጣል፤ ቤት ሰላማዊት ትቀበለዋለች፣ ከዚያ ሱቅ ብቅ ይላል። እማዬ ቋንጣ መስቀል ትታለች። ሁለቱ ባልዲዎች ግን ሱቄ ውስጥ ናቸው፣ ቡሎንና የቧንቧ ጎሚኒ አስቀምጥባቸዋለሁ። የእኔን ስም የያዘው ፕላስተር በራሱ ጊዜ ተልጦ ወደቀ። የእሱ እስካሁን አለ፤ ሲመጣ በሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ነው ያስቀመጥኩት። ያየዋል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ይሄዳል። እኔም አላነሣሁለትም።